የልጆች መደመጫ በዓል እንዴት እንደተበላሸ

እኔ በዚያች ከተማ ማዘጋጃ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የከተማዋን ስም አልናገርም። ሰዎቿ ስማቸው እንዲነሳ የሚወዱት ሲመሰገኑ ብቻ ነውና። የምነግራችሁ ታሪክም የእኔ አይደለም፤ የታፔላ ጻፊው የአስማረና የልጁ የትርሲት ነው። ከፊሉን ስብሰባና አደባባይ ላይ ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ የቀረውን አስማረ ራሱ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን፣ ሳይቸኩል ነግሮኛል።

በከተማዋ የሚነበብ ነገር ሁሉ የአስማረ እጅ ነው። የፀጉር ቤቱን መቀስ የሣለ እርሱ፣ የሥጋ ቤቱን በሬ የሣለ እርሱ፣ በእኛ በር ላይ «ያለ ጉዳይ መግባት ክልክል ነው» ብሎ የጻፈም እርሱ። ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ ንግግሩ ትንሽ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነበር። ሚስቱ ደብሪቱ ልብስ ትሰፋለች። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ የዘጠኝ ዓመቷ ትርሲትና ሦስት ዓመት ያልሞላው አቡሽ።

ክረምት ላይ አቡሽ ትኩሳት ያዘው፤ በአራተኛው ቀን ሞተ።

በዚያች ከተማ ደንብ ለልጅ መርዶ አይነገርም። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ተጽፎ የጸደቀ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሆነ ነዋሪ ሐዘን እንደማይሰማው በማኅተም ተረጋግጧል። ስለዚህ ድንኳኑ ሲተከል ትርሲትን ጎረቤት ወሰዷት። ሦስት ቀን ሙሉ ከአጥር ማዶ የእናቷን ለቅሶ እየሰማች ቆሎ ስትቆረጥም ሰነበተች። ልቅሶው ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ ሰርግ ነው አሏት።

ወደ ቤት ስትመለስ የአቡሽ ፍራሽ የለም። አቡሽ ገጠር አክስቱ ጋ ሄዷል ተባለች። አንድ ጊዜ ብቻ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀች። ደብሪቱ ምድጃ ላይ የረሳችው ነገር እንዳለ ሁሉ ብድግ ብላ ወጣች። አስማረ ከክረምት በኋላ ይመጣል አላት። ልጅቷ ዳግመኛ አልጠየቀችም፤ እነሱም እፎይ አሉ። ጎረቤቱም ልጅ እንዴት ቶሎ እንደሚረሳ እየተገረመ ተበተነ።

ከዚያ በኋላ ትርሲት ዝም ማለት ጀመረች። በመጀመሪያ ጨዋታ ተወች፤ ቀጥሎ ወሬ፤ ቀጥሎ ምግብ። ደብተሯ ላይ የምትጽፈው ፊደል ከሳምንት ሳምንት እያነሰ ሄዶ መምህሯ መነጽር እስኪቀይር ደረሰ። መምህሩ ግን አልተከፋም። እንዲያውም አስማረን አስጠርቶ እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ በማሳደጉ አመሰገነው፤ ሌሎቹ ወላጆች መጥተው ምን እንዳደረጋት ቢጠይቁት እንዳይደብቃቸውም አደራ አለው።

በትምህርት ቤቱ የፈገግታ መርማሪ የሚባል ሹም አለ። በየወሩ እየመጣ ልጆቹን ያሰልፍና ጥርሳቸውን ያስገልጣል። የታየውን ጥርስ ቆጥሮ ይመዘግባል፤ ከሃያ በላይ ከሆነ ልጁ ደስተኛ ነው። ትርሲትም ታዛዥ ልጅ ናትና ጥርሷን ገለጠች። መርማሪው «ሃያ ሁለት፣ በጣም ደስተኛ» ብሎ ጽፎ አለፈ። እንባዋ እየወረደ እንደነበር አጠገቧ የቆመች ልጅ ነገረችው። እርሱ ግን ዓይን የሌላ ክፍል ሥራ መሆኑን አስረድቷት ወደሚቀጥለው ሄደ።

ደብሪቱ ግን እናት ናትና አላስቻላትም። ልጅቷ ሆዷን እያመማት ስትቆለመም፣ ሌሊቱን ስትባንን አይታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። መዝጋቢው ትልቅ መዝገቡን ገልጦ ዓምዶቹን በጣቱ ተከተለ፤ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ስብራት፣ ጥጋብ። ትኩሳት የላትም። አላስቀመጣትም። አልተሰበረችም። ምግብ እምቢ ካለች እንግዲህ ጠግባለች ማለት ነው ብሎ በአራተኛው ዓምድ አሰፈራት። በከተማዋ ያን ወር ብቻ ስልሳ ሦስት ልጆች ጠግበው ነበር። ቁጥሩ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ በጭብጨባ ነው የተቀበልነው።

ሲወጡ መርፌ ክፍል የምትሠራው ሲስተር ብዙአየሁ ኮሪደር ላይ አስቆመቻቸው። ፀጉሯ የሸበተ፣ ጡረታዋን የምትጠብቅ ሴት ናት። ልጅቷን አየቻት፤ ከዚያ ደብሪቱን ዘወር አድርጋ ቤት ውስጥ ምን እንደደረሰ ጠየቀቻት። ደብሪቱ ምንም አልደረሰም አለች። ሲስተር ብዙአየሁ ክንዷን ያዝ አድርጋ፣

«እኔን አትንገሪኝ፤ ግድ የለም» አለቻት። «ልጅቷን ግን ጠይቋት። ጠይቃችሁም መልሷን ጠብቁ።»

ደብሪቱ ይህንን ለባሏ ነገረችው። አስማረም ልክ ናት አለ። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ጊዜ አልነበረውም። ጊዜውን የወሰድንበት እኛ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ሁሉም ከተማ በያዝነው ወር በልጆች አእምሮ ጤና ላይ የሕዝቡን ግንዛቤ ከፍ እንዲያደርግ የሚያዝ ነበር። የግንዛቤ ሹማችን አቶ ወንድይራድ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። የመጀመሪያው አጀንዳ ልጆች አእምሮ አላቸው ወይስ የላቸውም የሚል ነበር። አንድ ሽማግሌ ሰባት ልጅ እንዳሳደጉና እንዲህ ያለ ነገር አንዱም ላይ እንዳላዩ ተናገሩ። ሌላው፣ ካላቸውም ሲያድጉ ይለቃቸዋል አሉ። ከረጅም ክርክር በኋላ ድምፅ ተሰጠ፤ ሰባት ድጋፍ፣ አራት ተቃውሞ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ። ስለዚህ የከተማችን ልጆች ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ አእምሮ አላቸው። በእጄ ነው የጻፍኩት።

ከዚያ አንድ ወጣት አባል ልጆቹን ጠርተን ብንጠይቅስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ልጆች ወሬ ስለሚያበዙና ከርዕሱ ስለሚወጡ ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። በምትኩ ግንዛቤው አርባ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። አርባ ሜትር ባነር አደባባዩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ይሰቀላል፤ የዚያ ዕለት የልጆች መደመጫ በዓል ይከበራል። ጽሑፉንም አቶ ወንድይራድ ራሳቸው አረቀቁት። «ልጆቻችን የልባቸውን እንዲነግሩን ጊዜ እንስጣቸው! ልጆቻችንን እናዳምጥ!» ጎረቤታችን ከተማ ሠላሳ ሜትር ብቻ ስለሰቀለ አርባው ብዙ ሰው አስደሰተ።

ለአስማረ ዘጠኝ ቀን ተሰጠው።

ጨርቁን ግቢው ውስጥ ዘረጋ። ግቢው ስለማይበቃው እየጠቀለለ፣ እየፈታ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ይጽፋል። ትርሲት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃፉ ላይ ትቀመጥና ታየዋለች። ድሮ ቡሩሽ የምታጥብለት፣ ቀለም የምታማስልለት እርሷ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ተነስታ መጥታ አጠገቡ ቆመችና «አባዬ» አለችው። ቆይ የኔ እናት፣ ፊደሉ ይጣመምብኛል አላት። «ጊዜ እንስጣቸው» የሚለው ላይ ነበር። በአምስተኛው ቀን እንደገና መጣች። ቀለሙ ሳይደርቅ መጨረስ ስለነበረበት ኋላ ትነግሪኛለሽ አላት። በስምንተኛው ቀን «እናዳምጥ» የሚለውን ቃል ጀምሮ ነበር። ጥላዋ ጨርቁ ላይ ወደቀ። ብርሃን እየከለለችው ስለሆነ ፈንጠር እንድትል ነገራት፤ ከበዓሉ በኋላ ደግሞ የፈለገችውን እንደሚያወሩ ቃል ገባላት።

ይህን ሲነግረኝ ቀና ብሎ አላየኝም። «ዳ የሚለውን ፊደል እየጻፍኩ ነበር» አለኝ። «አሁንም ያንን ፊደል ስጽፍ እጄ ይዝላል።»

የበዓሉ ቀን ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ልጆች በማለዳ አደባባይ ተሰለፉ። ስለ መደመጣቸው የሚደረገው ንግግር እንዲሰማ ዝም እንዲሉ ጥብቅ ትእዛዝ ተሰጥቷቸዋል። ሁሉም ደረቱ ላይ ትልቅ ክፍት አፍ የታተመበት ካናቴራ ለብሷል። ሦስት ልጆች ፀሐዩ አዙሯቸው ወደቁ፤ በስሜት ተነክተው ነው ተባለ። ትርሲት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። እኔ መድረኩ ሥር መዝገቤን ይዤ ተቀምጫለሁ።

የባነሩ አንድ ጫፍ ታስሯል። አስማረ በሌላኛው ምሰሶ ላይ መሰላል አስደግፎ ወጥቶ ሁለተኛውን ጫፍ እየሳበ ነው። ምሰሶው ከመድረኩ ጎን ስለሆነ ጨርቁ በሹማምንቱ አናት ላይ ያልፋል። አቶ ወንድይራድ ንግግራቸውን ጀምረው «የልጅ ድምፅ ትንሽ ነው ብለን አንናቅ» የሚለው ላይ ደርሰዋል። በዚህ ጊዜ ትርሲት ከሰልፉ ወጣች።

አልሮጠችም። ቀስ ብላ ተራምዳ አደባባዩን አቋረጠች። አንድ ዘበኛ ወደ ቦታሽ ተመለሺ አላት፤ እንዳልሰማች ሆና አለፈችው። መሰላሉ ሥር ስትደርስ የመሰላሉን እግር በሁለት እጇ ያዘች። ቀና ብላ፣ ከእኔና ከአባቷ በስተቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ አቡሽ የሞተው በእኔ ነው?»

አስማረ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ቆይ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ እንደነበር ነግሮኛል፤ ከልማድ ብዛት። ከዚያ ፊቷን አየ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ አንገቷ ቀጥኗል። ስንት ጊዜ እንዲህ ሆና ፊቱ እንደተቀመጠች ያኔ ገባው።

ገመዱን ለቀቀው።

ባነሩ ወርዶ መድረኩን ከነሹማምንቱ ሸፈነው። አቶ ወንድይራድ፣ እንዲያቆሙ የነገራቸው ስለሌለ፣ ከጨርቁ ሥር ሆነው ንግግራቸውን ቀጠሉ። ሕዝቡም የፕሮግራሙ አካል መስሎት አጨበጨበ። አስማረ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠና ልጁን ፊት ለፊቱ አቆማት።

«መሞቱን ማን ነገረሽ?»

«ማንም» አለች። «ጫማውን ለሰው ሰጣችሁት። የሚመለስ ቢሆን አትሰጡም ነበር።»

አስማረ ሁለቱን እጆቿን ያዘ።

«ያን ቀን ውሃ ስጪኝ አለኝ» አለች። ቃሎቹን አንድ በአንድ እንደምታነብ ሁሉ ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው። «እማዬ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትሰጪው ብላኝ ነበር። በጣም ጠምቶት ነበር። ሰጠሁት። ከዚያ እናንተ ጎረቤት ላካችሁኝ።»

እንግዲህ ከክረምት ጀምሮ ይህች ልጅ ወንድሟን የገደለች መስሏት ኖራለች። ጎረቤት የተላከችውም ለቅጣት መስሏታል። ቤት ውስጥ ስሙ የማይነሳው ወላጆቿ ሊያጋልጧት ስላልፈለጉ መስሏታል። ለዚያ ውለታቸው ነበር ጨዋ የሆነችላቸው።

«በአንቺ አይደለም» አላት አስማረ። «አቡሽ በበሽታ ነው የሞተው። ሐኪሙም ያላዳነው በሽታ ነው። ውሃው ምንም አላደረገውም፤ ጠምቶት ነበር፣ አጠጣሽው። እኔም ብሆን አጠጣው ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ። የዋሸንሽ እኛ ነን። ያጠፋነውም እኛ ነን።»

ከዚያ አስማረ አለቀሰ፤ ከተማው ሁሉ እያየው፣ ክፍት አፍ የታተመባቸው ልጆች እያዩት። ትርሲት ጥቂት አየችውና አንተም ታለቅሳለህ እንዴ ብላ ጠየቀችው። አዎ አላት። ለምን አይታው እንደማታውቅ ጠየቀች። ተደብቄ ነው አላት። ይህን ስትሰማ ወደ ጭኑ ተጠግታ ተቀመጠች፤ ፊቷን ካናቴራዋ ላይ ደፍታ፣ ከክረምት ጀምሮ ያጠራቀመችውን ለቀቀችው። ዘበኛው ሊያስነሳቸው መጥቶ ነበር። እላያቸው ላይ ቆሞ ቆሞ፣ ሲመለስ አየሁት። ቤቱ ልጆች አሉት።

በማግስቱ አስማረ ጉባኤው ፊት ቀረበ። ክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፤ «ተከሳሹ በልጆች መደመጫ በዓል ላይ ልጁን በማዳመጥ በዓሉን አደናቅፏል።» አቶ ወንድይራድ በቅንነት ነው የጠየቁት፤ ሌላ ቀን ልታዳምጣት አትችልም ነበር ወይ አሉት። አስማረ ሌላ ቀን ሦስት ጊዜ መጥታለት እንደነበርና ያልሰማት እርሱ እንደሆነ ተናገረ። ጥፋቱን አምኗል ተብሎ ተመዘገበ። ለአንድ ወር በከተማዋ ክልል ምንም ዓይነት ታፔላ እንዳይጽፍ ታገደ።

ባነሩ ሲወድቅ የመጨረሻው ቃል ጭቃ ነክቶት ስለነበር ሌላ ጻፊ ተፈልጎ ተስተካከለ። አዲሱ ጻፊ ጥድፊያ ላይ ነበርና «ልጆቻችንን እናዳክም!» ብሎ ጻፈው። ሁለት ሳምንት አደባባዩ ላይ ሲውለበለብ አንድም ሰው አላነበበውም። እንግዶች መጥተው ከሥሩ ቆመው ፎቶ ተነሱ። ከበላይም የምስክር ወረቀት መጣልን፤ የከተማችን ግንዛቤ ሙሉ በሙሉ መሙላቱንና ከዚህ በላይ የሚጨመርበት ቦታ እንደሌለ የሚገልጽ ነው።

አስማረና ደብሪቱ ሥራ ስላልነበራቸው አይደለም ሐሙስ ሐሙስ ትርሲትን ይዘው ሲስተር ብዙአየሁ ጋ መሄድ የጀመሩት። ደብሪቱ ነገሩን ከባሏ ስትሰማ መቀሷን ጥላ ራሷ ሮጣ ነው የሄደችው። ነርሷ መርፌ ክፍሏ ውስጥ ሦስት በርጩማ ደርድራ ተቀበለቻቸው። የነገረቻቸውም ብዙ አልነበረም። ስሙን አንሱ አለቻቸው። እርሺው አትበሏት። ያንኑ ጥያቄ ደጋግማ ትጠይቃችኋለች፤ አንድም ጊዜ ሳይሰለቻችሁ መልሱላት። ቀስ በቀስ ካልተሻላት ወይም ክፉ ነገር ከተናገረች ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሐኪም ጋ ራሴ እወስዳታለሁ፤ በዚህ አትፍሩ።

እንዳለችውም ትርሲት ያንኑ ጥያቄ አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቀች። ምሳ ላይ ጠየቀች፣ ጫማዋን ስታስር ጠየቀች፣ እናቷ ልብስ ስትለካት መርፌው ሊወጋት እስኪደርስ ዞራ ጠየቀች። ደብሪቱ ያን ጊዜ ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ አትስጪው ያለቻት ሳል እንዳይቀሰቅስበት ብላ እንደሆነና ኋላ ላይ እርሷም ራሷ እንዳጠጣችው የነገረቻት። ልጅቷ እናቷን ትኩር ብላ አይታ «አንቺም?» አለች። አዎ፣ እኔም አለቻት። ያን ቀን አንድ እንጀራ ሙሉ በላች።

አንድ እሑድ ሦስቱ አብረው መቃብሩ ጋ ሄዱ። ምልክት አልነበረበትም፤ የታፔላ ጻፊ ልጅ መቃብር ላይ አንድ ፊደል የለም። ትርሲት ይህን አስተዋለች። ቤት ሲመለሱ ጣውላ ጠየቀች። አስማረ እንዳይጽፍ ታግዷል፤ እርሷ ግን አልታገደችም። ጣውላውን ላገላት፣ ቀለሙን በጠበጠላት፣ ከዚያ እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆመ። የወንድሟን ስም ጻፈች። «ቡ» ወደ ግራ ዘመመ፤ «ሽ» ከሌሎቹ ገዝፎ ጣውላው ሊያልቅበት ደረሰ። አስማረ በሕይወቱ የጠመመ ፊደል አይቶ አልፎ አያውቅም። ያንን ግን እንዳለ ወስዶ ተከለው።

ሁሉም ነገር በአንዴ ተቃና ብዬ አልዋሻችሁም። ከአልጋዋ አልነሳም ያለችባቸው ቀኖች ነበሩ። እገዳው አልቆ አስማረ ወደ ሥራው ከተመለሰም በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ሱቁን ይዘጋ ነበር። በሩ ላይ የሚያገኙት ደንበኞች ጉዳያቸውን ከተናገሩ በኋላ ሳይሄዱ ይቆማሉ። እየቆዩ፣ ስለ አየሩ ካወሩ በኋላ፣ ዝም የሚል ልጅ ቤታቸው እንዳለ ይነግሩታል፤ ያቺ ነርስ የቱ ክፍል እንደምትገኝም ይጠይቁታል። በርጩማዎቹ ሰባት እንደደረሱ ሰምቻለሁ። ጉባኤያችን ይህን አያውቅም፤ እኔም ቃለ ጉባኤ ላይ አላሰፈርኩትም።

ከእነዚያ ወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሰፈሩ ሴቶች አንዷ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች የአስማረን በር አንኳኳች። ለስሞታ ነበር የመጣችው። ትርሲት ከልጇ ጋር ገመድ ዝላይ ላይ ተጣልታ፣ ተራዬን ቀማሽኝ ብላ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኻ ሰድባታለች። ስድቡንም ሳትቀንስ ተናገረች።

«ጮኸች?» አላት አስማረ።

«እንዴታ፣ ጋሽ አስማረ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ነበር እኮ።»

አስማረ ወንበር ስቦ እንድትቀመጥ ለመናት። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሮ ደብሪቱን ጠራት፤ ሥራዋን ትታ ቶሎ እንድትመጣ፣ ይህን ራሷ መስማት እንዳለባት ነገራት። ደብሪቱ መርፌዋን አፏ ላይ እንደያዘች ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ወይዘሮ ጥሩወርቅም፣ ስሞታ ሲነገረው እንዲህ ፊቱ የሚበራ ወላጅ አይታ ስለማታውቅ፣ ግራ እየተጋባች እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው።